ካርቶኑ

ከአልፋዬ ሆድ ሥር ማታ ካርቶን አነጥፋለሁ፤
ሲነጋ ጎንበስ ብዬ ጠብታ እቆጥራለሁ።
ሰባት ጠብታ፣ ሰባት ኑግ፤ አንዳንዴ ስምንት ይሆናል፤
ሞተርና ካምቢዮ ከሚጋጠሙበት፣ ሁሌ ከዚያው ይወድቃል።

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው።
ዘጠኝ ዓመት የወንድሜን ስም ከዘይቱ ጋር አጣበቅሁ፤
«ፊዮሬንዞ ነው» እላለሁ፤ ሌላ ምክንያት መች ፈለግሁ?
ሞተሩን አውርዶ የፈታ፣ ፈትቶም የገጠመ፣
ያን ክረምት እዚህ ጋራዥ ከእኔ ጋር የከረመ፣
የኋላውን ፓራኦሊዮ በገዛ እጁ የከተተ
እሱ አይደለም? ታዲያ ማን ነው የሳተ?

ነገርኩት አንድ እሑድ፣ በእህታችን ገበታ፣
ዘመድ እየሰማ፣ በፖሌንታው ፋንታ
ቃሌን እያጎረስኩት፦ «አንተ የነካኸው ያፈሳል።»
ናፕኪኑን አራት አጠፈ። ሲናደድ መጮህ ያውቃል፤
ያን ቀን ግን አልጮኸም።
«እኔን ከምትከስ ዘይቱን ጠይቀው» ብሎኝ ወጣ።
ከዚያ ወዲህ፣ በገበያ ቀን፣ እኔ በዚህ ስመጣ
እሱ በዚያ ማዶ።

ዘንድሮ በጥቅምት፣ ጉም ከተራራው ወርዶ
የቢዬላን ፋብሪካዎች ጭስ ማውጫ ከወገብ ጎርዶ፣
የልጄ ልጅ ሉዶቪካ መጣች፤ አሥራ አንድ ነው ዓመቷ፣
ጥያቄ የሞላባት ከእግሯ እስከ አናቷ።
«አያቴ፣ ጠብታው እዚህ ወደቀ ማለት
እዚህ ተነሣ ማለት ነው?» ብትለኝ ድንገት፣
መልስ አጣሁና ካቻቢቴ ፍለጋ ዞርኩ።

በናፍጣ አጠብነው፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተግነው፣
የዘጠኝ ዓመት ቅባት ቅርፊት ቅርፊቱን አነሣነው።
ሲደርቅ፣ ከእናቷ ጓዳ የሰረቀችውን የሕፃን ፓውደር
ነፋችበት። ሞተሩ ወፍጮ ቤት የዋለ መሰለ፣ ነጣ ከዳር እስከ ዳር።
«አሁን እንንዳት!»
በኦሮፓ ጥምዝምዝ ዳገት ሽቅብ ነዳናት፤
ዳማዋ አልፋ ማርሽ ስቀንስ ታገሣለች፣
ልጅቷ በመስኮት ጉሙን በእጇ ትዘግናለች።

ተመልሰን፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ባትሪ ሳበራ
ኋላ፣ ያው ቦታ፣ ርሶ ጠቁሯል። ደስ አለኝ፤ ልኮራ
ምንም አልቀረኝ። «አየሽ? የወንድሜ ሥራ!»

«ቆይ» አለች። «ክር አለው።»

አለው። የጉንዳን መንገድ የመሰለ፣ ቀጭን፣ ጥቁር፣
ዱቄቱን ሰንጥቆ በዘይት ቋቱ ከንፈር
ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከዚያ በሞተሩ ጎን ወደ ላይ።
በጣቷ ተከተለችው፣ ሳትቸኩል፣ ሳታይ
ፊቴን። ከማጣሪያው ጀርባ፣ እጅ ከማይገባበት፣
አንዲት የመዳብ ሮንዴላ፤ ላብ ቸፍ ያለባት።
ዘይቱ እዚያ ተወልዶ፣ ነፋስ ወደ ኋላ እየነዳው፣
ከሰው ደጅ ሲደርስ ነው ጠብ የሚለው።

ያችን ሮንዴላ አውቃታለሁ።
ፊዮሬንዞ ጨርሶ በሄደ፣ ልክ በሳምንቱ፣
የዘይት ግፊት ማሳያ ቀጠልኩ፤ ለጌጥ፣ ለከንቱ።
አዲስ መግዛት ታከተኝ፤ አሮጌዋን መለስኳት፣
እንድትለሰልስ እንኳ እሳት ሳላሳያት።

«አገኘነው!» አለች ልጅቷ እየዘለለች፣
ቅንድቧ ላይ ዱቄት። «ማን ነው የገጠመው?» ብላ ጠየቀች።
«ባትሪውን አጥፊው» አልኳት።

አዲሷ የከረሜላ ዋጋ ነበረች።

በማግስቱ ምሽት ካንዴሎ ወረድኩ።
በተጠረገው የድንጋይ ግቢው መሐል አልፋዬን አቆምኩ፣
ከሆዷ ሥር አዲስ ካርቶን፣ ነጭ፣ ዘረጋሁ።
ለማንኳኳት እጄ አልታዘዘም፤ ቆምኩ።
በነጠላ ጫማ ወጣ። ሸብቷል፤ እኔም ሸብቻለሁ።
እኔን አላየም። ጎንበስ አለ፣ ጉልበቱ እየጮኸ፣
ካርቶኑን አየ፤ በጣቱ ዳሰሰ፣ ጣቱን አሸተተ፤
ቀና ብሎ ደግሞ ወደ ሰማይ አየ፣ ዝናብ እንደሚጠረጥር፦
«በአንድ ሰዓት አይታወቅም» አለ። «እስኪነጋ ትደር።»